ለኮሪያና ሜክሲኮ ምግብ ቤታችን ዘግይቶ ስለደረሰን ፈቃድ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሽፈራው፣
የምግብ ቤቶች ስያሜና ደረጃ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ወልድያ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? ማኅተምዎስ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በዚህ ዘመን በእኛ አገር «ደህና ነኝ» ማለት «አልሞትኩም» ማለት እንደሆነ ለክቡርነትዎ ማስረዳት አያሻኝም።

ሐምሌ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. የጻፉልኝ ደብዳቤ መርሳ፣ መንገድ ዳር ሽንኩርት ከምሸጥበት ቦታ ድረስ መጥቶልኛል። ደብዳቤው እንደሚለው፣ የኮሪያንና የሜክሲኮን ምግብ አዳቅሎ ለሚያቀርብ ቤት በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ያስገባሁት ማመልከቻ «በጥልቀት ከተመረመረ በኋላ» ተፈቅዶልኛል። ከዚህም በላይ በጳጉሜን ለእንግዶች በሚዘጋጀው የመልሶ ማቋቋም ባዛር ላይ «ዓለም አቀፍ ቅይጥ ምግብ» በሚል ድንኳን ሥር እንድገኝና ከተማችን ወደ ቀድሞ ሕይወቷ መመለሷን በምግቤ እንዳሳይ ተጋብዣለሁ። ምርመራው ሦስት ዓመት ተኩል መውሰዱ ጥልቀቱን ያሳያል፤ ከዚህ የጠለቀ ነገር የማውቀው አንድ የውኃ ጉድጓድ ብቻ ነው፣ እሱም ደርቋል።

መልሴን ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁት፣ የታሸጉት ደብዳቤዎቼ ቢሮዎ ሲደርሱ የመጥፋት ልማድ ስላላቸው ነው። ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ከልምድ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ምግብ ማንነት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

እኔ የሐብሩ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስድስት ዓመት ዱባይ፣ የኮሪያን ኪምቺና የሜክሲኮን ታኮ አንድ ላይ በሚሸጥ ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ያስተማረኝ ዋና ወጥ ቤት ሁለቱንም አገሮች በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የኔፓል ሰው ነበር። ኪምቺ ማለት በጨው፣ በበርበሬ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ እስኪኮመጥጥ የሚቀመጥ ጥቅል ጎመን ነው። ታኮ ደግሞ በኖራ ወይም በአመድ ውኃ ተቀቅሎ ከተፈጨ በቆሎ የሚጋገር፣ ከመዳፍ ጥቂት የሚሰፋ ቂጣ ነው፤ ቦሎቄ ወይም ሥጋ ተደርጎበት፣ ታጥፎ፣ በእጅ ይበላል።

ብዙ ሰው ማዳቀል ማለት ሁለቱን በአንድ ድስት ማገላበጥ ይመስለዋል። አይደለም። ጎመኑ ከቦሎቄው ጋር ቀድሞ ከተገናኘ ይላሽቃል፤ ቂጣው ቀድሞ ከረጠበ ይበጠሳል። እያንዳንዱ በየራሱ ዕቃ፣ በየራሱ ጊዜ ይሰናዳል፤ የሚገናኙት ሰው ሊጎርሳቸው ሲል ነው። ኮምጣጣው የቦሎቄውን ክብደት ያቀለዋል፣ በቆሎው የበርበሬውን ቁጣ ያበርደዋል። ኮሪያው ኮሪያነቱን፣ ሜክሲኮውም ሜክሲኮነቱን አይለቅም፤ አፍ ውስጥ ግን ሦስተኛ ነገር ይሆናሉ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ በጽሑፍ እንዳቀርበው ስላልተጠየቅሁ ቢሮዎ ፋይል ውስጥ አያገኙትም።

ወልድያ ተመልሼ ከጎረቤቴ ከማና ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ አራት ጠረጴዛ ዘረጋን። የማና አባት ጋሽ ሓለፎም ከማይጨው አካባቢ የመጡ ግንበኛ ናቸው፤ ወልድያ አርባ ምናምን ዓመት ኖረዋል። እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ አምባሰል ሲዘፈን ከእኔ ቀድማ የምትቀበል የወሎ ልጅ። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነን። ሥጋ ብንሠራ የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም። ስለዚህ ሥጋውን ተውነው፤ ኮሪያዎቹ ኪምቺ ውስጥ የሚጨምሩትን ዓሣም አስቀረነው። ጎመን፣ ቦሎቄና በቆሎ ብቻ ቀረ። በቤታችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የጾመውም ያልጾመውም ከአንድ ትሪ በላ። ይህንን ዱባይ ያለው ኔፓላዊ አላስተማረኝም፤ ያስተማረችን ወልድያ ናት።

ሁሉም ሰው ወደደው ብዬ አልዋሽም። ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ፈንታው የመጀመሪያውን ጎርሶ፣ «ይሄ ጎመን ምን በድለነው ነው እንዲህ የተቆጣን?» አለ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣና «ቁጣው ናፈቀኝ» አለ። ጋሽ ሓለፎም ጎመኑ ተበላሽቷል ብለው ለአንድ ወር አልቀመሱትም። ተማሪዎቹ በአማርኛ በተተረጎሙት ድራማዎች ምክንያት ይመጡ ነበር፤ ሴቶቹ ለኮሪያው፣ አንዳንዱም ለሜክሲኮው። ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩት እትዬ መሪማ ደግሞ እንዲህ አሉን፦ «ከሩቅ አገር ነው ትላላችሁ እንጂ ጎመኑ የግራና ነው፣ በቆሎውም የሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ ዘር ነው። እናንተ ያመጣችሁት ሐሳቡን ብቻ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ከየትም ይምጣ።»

ክቡርነትዎ ከሁለት ባልደረቦችዎ ጋር መጥተው፣ ሦስት ሦስት ታኮ በልተው፣ አፍዎን ከጠረጉ በኋላ «ቅጹ የሚለው የባህል ምግብ ወይም የውጭ ምግብ ነው። የውጭ ከሆነ የአንድ አገር ስም ይሞላል። ሁለት አገር የሚጻፍበት ቦታ የለም» አሉን። ማና «መስመሩን ረዘም ማድረግ አይቻልም?» ብላ ጠየቀች። የመለሱላትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፦ «እህቴ፣ ምግብም እንደ ሰው አገሩ በግልጽ መታወቅ አለበት።» ከሁለቱም አገሮች ኤምባሲ የድጋፍ ደብዳቤ እስክናመጣ ድረስ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ጊዜያዊ ወረቀት ሰጡን። ወልድያ ላይ ለሚሸጥ የግራና ጎመን ሁለት ኤምባሲ ማስጨነቅዎ የከተማችንን ክብር ከፍ አድርጎታል።

ሁለተኛ፤ ጉዳያችን እንዲፋጠን ስላሰቡልን አመሰግናለሁ።

በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ትግራይ ውስጥ ሲጀመር ከእኛ ሩቅ ነበር። የቀረበን ወሬው ነው። ደንበኞች ከማዘዛቸው በፊት ሳህኑን የምታመጣው ማን እንደሆነች ማየት ጀመሩ። አንዳንዱ ከእኔ እጅ ካልሆነ አልቀበልም አለ። ማና ነገሩ ሲገባት ሳህን ማመላለሱን ለእኔ ትታ እሳቱ ጋር ቀረች። በጥር ወረቀታችንን ልናሳድስ ስንመጣ ማመልከቻውን ገልጠው ጣትዎን ስሟ ላይ አሳረፉና፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «በአንድ ስም ቢሆን ይፈጥናል፤ ለእናንተው አስቤ ነው» አሉ።

ማና እስክሪብቶውን ከጠረጴዛዎ ላይ አንሥታ ሰጠችኝና «ሰርዢው ረሂማ፤ ስም አይበላም» አለችኝ። ሰረዝኩት። በእጄ ነው የሰረዝኩት፤ ይህን በማንም ላይ አላላክክም። ነገሩ መፍጠኑን ግን እመሰክራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዱ የመጣው በአሥራ ስምንት ወር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ቁጥጥር ስላላደረጉብን አመሰግናለሁ።

ነሐሴ 2013 ከትግራይ የመጡት ተዋጊዎች ወልድያ ገቡ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ሞተ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ወፍጮ ቆመ። በየቤቱ የቀረው ጥሬ እህል ነው፤ የሚፈጭበት የለም። እኛ ዘንድ ከክረምቱ በፊት ከግራና ባመጣነው ጎመን የተሞሉ ሰባት ሰማያዊ በርሜሎች ነበሩ። ኪምቺ መብራት አይፈልግም፤ ማቀዝቀዣ ሳይፈጠር የኖረ ምግብ ነው። በቆሎውም በአመድ ውኃ ተቀቅሎ ሲያድር ልጣጩ ይላቀቃል፣ ይለሰልሳል፤ ድንጋይ ላይ በመጅ ይደቅቃል። ኮሪያ ውስጥ ያለች አንዲት ሴትና ሜክሲኮ ውስጥ ያለ አንድ ገበሬ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ በእኛ ሠፈር ሰው አበሉ።

ሰዎች በቆሏቸውን እያመጡ ከእኛው ጋር ቀላቀሉት። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ቂጣ ከአንድ ማንኪያ ጎመን ጋር። ማና በር ላይ ቆማ ሕፃን ያዘሉትን ታስቀድም ነበር። ቀድሞ ከእጇ አልቀበልም ያሉትም መጥተው ተቀበሉ። እነማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ታውቃለች፤ ሰጠቻቸው። እትዬ መሪማ ቆመው ሲያዩ «አላህ ይየው» አሉ። ለማን እንዳሉት አልጠየቅኋቸውም።

ተዋጊዎችም መጡ። አምስት ነበሩ። በልተው ሲጨርሱ የበቆሎውን ጆንያ መጎተት ጀመሩ። ማና በአባቷ ቋንቋ እየተንተባተበች ለመነቻቸው። አንደኛው በአነጋገሯ ሳቀና «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» አላት፤ በኋላ እሷ ናት የተረጎመችልኝ። «የዚህ ቤት ነኝ» ብላ መለሰችለት። ሁለት ጆንያ ወስደው ሦስቱን ተዉልን። በዚያ ወር ሦስት ጆንያ በቆሎ ምን ማለት እንደነበር ያልተራበ ሰው ቢነገረውም አይገባውም።

ጋሽ ሓለፎም የስኳር ሕመም ነበረባቸው። መድኃኒቱ በመስከረም አለቀ፤ በከተማው የሚሸጥም የሚሰጥም አልነበረም። ማና ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ስንት በር እንዳንኳኳች እኔ አውቃለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ታኮ አጥፌ ሳጎርሳቸው ቀስ ብለው አኘኩና «ረሂማ፣ መጀመሪያ ይሄን ጎመን ተበላሽቷል ብዬሽ ነበር፤ አፉ በይኝ» አሉኝ። «አፉ ብያለሁ አባቴ፤ አንቱ ብቻ ይጉረሱ» አልኳቸው። ሁለተኛውን መጉረስ አልቻሉም። አስከሬናቸውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተሸከሙት አራት ሙስሊሞችና ሁለት ክርስቲያኖች ነበሩ። ሌላው ሰው ከቤቱ መውጣት ፈርቶ ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

በታኅሣሥ 2014 ከተማው ነፃ ወጣ ተባለ። ሰው እልል አለ፤ እኔም ማናም እልል ብለናል። በሠፈራችን መጀመሪያ ያለፉትን ወታደሮች ያበላነው እኛ ነን። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ማናን ጠሩ። «ለጥያቄ ነው፤ ትመለሳለች» አሉ። እጇ በርበሬ ነበር። «ልታጠብ» አለቻቸው። «እዚያ ትታጠቢያለሽ» አሏት።

ተዋጊዎችን አብልታለች የሚል ጥቆማ ቀርቦባት ኖሯል። አብልታለች። እኔም አብልቻለሁ፤ ከዚያው በርሜል፣ በዚያው ቀን። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ያበላናቸውን ሰዎች ፊርማ ላሰባስብ ዞርኩ። እትዬ መሪማ ጣታቸውን ቀለም ነክረው መጀመሪያ ፈረሙ። ስንቱን ቤት አንኳኩቼ ያገኘሁት አሥራ አንድ ፊርማ ነው። ፈንታው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መለሰልኝ። «እውነት ነው ረሂማ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ልጆች አሉኝ» አለኝና በሩን ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው። ልፈርድበት አልቻልኩም፤ እኔም አንድ ቀን እስክሪብቶ ይዤ ፈርቻለሁ።

የያዟት ሰዎች የግለሰብ ፊርማ አይበቃም፣ መሥሪያ ቤት ይመስክርላት ሲሉኝ ወደ ክቡርነትዎ መጣሁ። ማና ከእኔ ጋር የምትሠራ መሆኗን በአንድ መስመር ብቻ እንዲጽፉልኝ ለመንኩ። ማመልከቻውን አስወጥተው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ በትዕግሥት አነበቡና «እዚህ ላይ ማና የሚል ስም የለም፤ ላልተመዘገበ ሰው እንዴት አድርጌ እመሰክራለሁ?» አሉኝ። «ይኸውልዎ፣ ከሰረዙ ሥር ይታያል» አልኩዎ። «የተሰረዘ ስም አይነበብም» አሉ። ሁለታችንም ስናነበው ነበር።

አምስተኛውን ምስጋና ለማን እንደማቀርብ አላውቅም፤ ለእርስዎ ልተወው።

በየካቲት ሁለት ጊዜ አየኋት፤ በሽቦ አጥር ማዶ። ቦታውን አልጽፍም፤ እዚያ የሌላ ሰውም እህትና ወንድም አለ። በመጀመሪያው ቀን ከስታ ነበር፤ ግን ማና ነበረች። «ጎመኑን አገላብጪው፤ የላዩ ሲደርቅ ይበላሻል» አለችኝ። ልነግራት ያሰብኩት ሁሉ ጠፍቶኝ «እሺ» ብቻ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ስለ ጎመኑ አልጠየቀችም። «አባቴ መቃብር ላይ ድንጋይ ተደረገ?» አለች። አልተደረገም ነበር። ተደርጓል አልኳት።

ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የለችም። «ተዛውራለች» አሉኝ። ወዴት ስል «ይነገርሻል» አሉኝ። አምስት ወር አለፈ፤ የነገረኝ የለም። ደሴ ሄጃለሁ፣ ኮምቦልቻ ሄጃለሁ። በየደረስኩበት መዝገብ ይገለጣል፣ ጣት ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ መዝገብ ይዘጋል። አንዱ ዘበኛ አዝኖልኝ «እህቴ ምንሽ ናት?» አለኝ። እህቴ ናት ብል ስሟን አይቶ እንደማያምነኝ አሰብኩ። «አብረን እንሠራ ነበር» አልኩት። እንዲህ ብዬ ስናገር ድምፄ ለራሴ እንኳ ትንሽ ነገር የጠፋኝ አስመሰለኝ።

እንግዲህ ወደ ግብዣዎ ልመለስ። ባዛሩ ላይ ልገኝ አልችልም። ቤቱን በመጋቢት ዘግቼ መርሳ ወርጃለሁ። ምግቡን ብቻዬን መሥራት አቅቶኝ አይደለም። በሚያዝያ እዚሁ መርሳ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ጎመኑን አሸሁ፣ ሳምንት አቆየሁት፣ በቆሎውን ቀቅዬ ጋገርኩ፣ አጥፌ ቀመስኩት። ጥሩ ነበር። ጨውም አልጎደለው፣ ኮምጣጣውም ልክ ነበር። ያለ እሷም ልክ መሆኑን ስቀምስ ተቀምጬ አለቀስኩ። የቀረውን ለጎረቤት አከፋፍዬ በርሜሎቹን ውኃ ለሚያጠራቅሙ ሰዎች ሰጠሁ።

የላኩልኝን ፈቃድ ከዚህ ጋር መልሻለሁ። እንግዶቹ ቅይጥ ምግብ ምን ምን እንደሚል ከጠየቁ ክቡርነትዎ ራስዎ በልተውታልና ይንገሯቸው። ስለ ማና ምንም አልጠይቅዎትም። መጠየቁን ትቼ ሳይሆን፣ መልሱ ቢሮዎ ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም የሚሰጠኝ ወረቀት አንድ ዓይነት መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ለወሰዱብኝ ጊዜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜዎ እንደ ምርመራዎ እንዲረዝም፣ እንጀራዎ እንደ ቅጽዎ እንዳይጠብ፣ ደጅዎን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ «ለጥያቄ ነው» የማይል እንዲሆን በየሶላቴ ዱዓ የማደርግልዎ፣

የቀድሞ አመልካችዎ
ረሂማ አብዱልሐሊም
መርሳ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2014 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ ከወልድያ የመጣች ነጭ ፒክአፕ ጎማዋ ተንፍሶ ከሽንኩርቴ ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን፣ ማቀዝቀዣና የሕፃን ብስክሌት ጭናለች። ከፊት የተቀመጡት ባለቤትዎ ጎማው እስኪቀየር ከጥላው ሥር አረፍ ብለው፣ ልጆቹን ይዘው ወደ ደሴ «ለዕረፍት» መሄዳቸውን በትሕትና አጫወቱኝ፤ እኔም ጥሩ ጥሩውን ሽንኩርት መርጬ ሰጠኋቸው። ለዕረፍት ማቀዝቀዣ ይዞ መሄድ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ጦርነቱ ይመለሳል ወይ እያለ እርስ በርሱ ይጠያየቃል፤ የክቡርነትዎ ደብዳቤ ደግሞ ባዛሩ በጳጉሜን ነው ይላል። ከማቀዝቀዣውና ከደብዳቤው የትኛውን እንደምናምን እባክዎ ሳይመሽ ይላኩብን። እኔ የምጭነው ዕቃ የለኝም፤ የመርሳ ሰው ግን የሚሄደው በእግሩ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀደም ብሎ መነሣት አለበት።